ዶሮው ላይ ማህተም

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከየት እንደመጣች የማትታወቅ አንድ አባባል ነበረችው። እማዬ ሐሙስ ገበያ ልትወጣ ስትል ሽንኩርቱን ከእንትና ነው የምገዛው፣ ድንቹ ግን እሷ ጋ አይረባም፣ ቃሪያው ደግሞ ከማዶ ይሻላል እያለች በር ላይ ቆማ ስታሰላ እሱ ከሬዲዮኑ ዞር እንኳን ሳይል "ኧረ በቃ ዶሮው ላይ ማህተም!" ይላታል። በኛ ቤት ትርጉሙ ግልጽ ነበር፣ አታብዢው፣ ሁሉንም ካንድ ሰው ግዢና ነይ ማለት ነው። እኛ ልጆቹም ለምደነው ትምህርት ቤት ሁሉ እንለው ነበርና የሰፈር ልጆች ጉድ አረጉን።

ከየት ነው ስንለው "የፈረንጅ ነው" ብሎ ያልፈናል። አባቴ የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ አሁን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ የሆነው ግቢ ማለቴ ነው፣ በ1950 ዓ.ም ገብቶ ኦክላሆማ ከሚባል የአሜሪካ ግዛት (ስቴት) የመጡ አሜሪካኖች ናቸው ያስተማሩት፣ በተለይ ዶሮ እርባታ ያስተማረው ሰውዬ ካፉ አይጠፋም ነበር። ስለዚህ እኛ ዶሮው ሲል ያው የትምህርት ቤቱ ነጭ ሌግሆርን ዶሮ ነው፣ ማህተም የሚለው ደግሞ እግሯ ላይ የሚያስሩላት የቁጥር ቀለበት ነው ብለን ደምድመን ፋይሉን ዘጋን። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ ነው እንደተሳሳትን ያወቅኩት።

የእህቴ ልጅ እዛው ግቢ ነው የሚማረው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው (የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው አልተርክም) ቡና እየጠጣን "ጋሼ ግን ለምንድነው ኦክላሆማ የሆነው? አሜሪካ ውስጥ ስንት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ እያለ" አለኝ። ግማሹን አውቀው ነበር። ሄንሪ ቤኔት የሚባል ሰው ከ1928 ጀምሮ (ዓ.ም ካላልኩ የፈረንጅ ነው በሉልኝ) ስቲልዋተር ከተማ ያለው የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበር፣ በ1950 ኢትዮጵያ መጥቶ ጃንሆይን አግኝቷል፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንት ትሩማን የፖይንት ፎር (የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ፕሮግራም ነው) ኃላፊ አርጎ ሾመው። አባቶቻችን ፖይንት ፎር ሲሉ የሰማችሁት እሱን ነው፣ ትሩማን በ1949 በዓለ ሲመቱ ላይ ካነሳቸው ነጥቦች አራተኛዋ ስለሆነች ነው ስሟ እንደዛ የሆነው። ሰውዬው ታህሳስ 1951 ኢራን ውስጥ አውሮፕላን ተከስክሶ ከነባለቤቱ ሞተ፣ ኮሌጁ ኢትዮጵያ ውስጥ የእርሻ ትምህርት እንዲያቋቁም የሚለው ስምምነት ግን በ1952 ተፈረመና የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እዚሁ ጅማ ተከፈተ፣ የዓለማያ ኮሌጅም ራሱ ህንፃው እስኪያልቅ ትምህርት የጀመረው ጅማ ነው። ይሄንን ነገርኩትና እሱ ወደ ቲክቶኩ ተመለሰ፣ እኔ ግን የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ ስለ ኦክላሆማ ማንበብ ጀመርኩ፣ አንዱ ወደ አንዱ እየወሰደኝ የ1950 የኦክላሆማ ምርጫ ላይ ደረስኩ፣ እዛ ላይ ዶሮዋን አገኘኋት።

የዲሞክራቶች ምልክት አህያ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎ በአገር ደረጃ አህያ ነው። ኦክላሆማ ውስጥ ግን የምርጫ ወረቀታቸው ላይ አውራ ዶሮ ነበር፣ የሪፐብሊካኖቹ ንስር። ወረቀቱ ላይ የሹመቱ ዓይነት ስለሚበዛ በየስሙ አንድ በአንድ መምረጥ የደከመው ሰው ዶሮው ያለበት ጋ ማህተሙን አንዴ ካሳረፈ ከላይ እስከ ታች ያሉትን ዲሞክራቶች በሙሉ እንደመረጠ ይቆጠርለታል። ዶሮው ላይ ማህተም! የዶሮው አስተማሪ ለተማሪዎቹ ሳያወራላቸው አልቀረም፣ አባቴም ይዞት መጥቶ እማዬ ሽንኩርት ላይ ተጠቀመበት። መብራት ሳይመጣ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ልጁ አበደ እንዴ ብሎ አየኝ።

ግን የሹመቱ ብዛት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ገዥውን መምረጥ ይገባኛል። ምክትሉን ለብቻ። ጸሐፊውን ለብቻ፣ ኦዲተሩን ለብቻ፣ ጠቅላይ አቃቤ ህጉን፣ ገንዘብ ያዡን፣ የትምህርት ኃላፊውን፣ የሂሳብ መርማሪውን፣ የማዕድን ዋና ኢንስፔክተሩን፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽነሩን፣ የበጎ አድራጎትና የማረሚያ ቤት ኮሚሽነሩን፣ የኢንሹራንስ ኮሚሽነሩን፣ ሁሉንም ለየብቻ በህዝብ ድምፅ። 12 ናቸው። በላያቸው ላይ ደግሞ ባቡሩንና የስልክ ድርጅቱን የሚቆጣጠሩ 3 ኮሚሽነሮች አሉ፣ እነሱም በምርጫ። ማለት ገዥው ካቢኔ ሲሰበስብ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች አንዳቸውም እሱ የሾማቸው አይደሉም፣ ማንንም ማባረር አይችልም፣ እንደውም አንዳንዱ በሚቀጥለው ምርጫ የሱን ወንበር የሚመኝ ነው።

እዚህ ላይ የእድራችንን ነገር ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፣ አራት ዓመቴ። እኛም እኮ ዳኛውን ለብቻ፣ ጸሐፊውን ለብቻ፣ ገንዘብ ያዡን ለብቻ፣ ዕቃ ክፍሉን ለብቻ ነው በጠቅላላ ጉባኤ የምንመርጠው፣ ሁሉም "እኔን ህዝብ ነው የመረጠኝ" ባይ ነው። ያለፈው ዓመት ዳኛው አዲስ ድንኳን ይገዛ አለ፣ አሮጌው ወንፊት ሆኗል፣ ጉባኤውም አጨበጨበ። ገንዘብ ያዡ አልፈርምም አለ። ለምን ቢባል ካዝናው ይጎዳል፣ ደሞስ ዳኛው ከሻጩ ጋር ዝምድና አለው (ዝምድና የላቸውም፣ አንድ ሰፈር ነው ያደጉት)። ዕቃ ክፍሉ ደግሞ በመሃል ገብቶ አሮጌው ድንኳን ምንም አልሆነ እኔ ነኝ የማውቀው አለ። ማን ማንን ያዝዛል? ማንም ማንንም። ሐምሌ ላይ አንድ ጎረቤታችን አረፉ፣ ያንን የጅማ ሐምሌ፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀመጠ። ወጡ ላይ ውሃ እየገባ። እናቶች ብረት ድስቱን በትሪ ከድነው ዳኛውን ሲያዩት የነበረውን አስተያየት አልረሳውም፣ እሱ ደግሞ ገንዘብ ያዡን ያያል፣ ገንዘብ ያዡ ሰማይ ሰማዩን።

የኦክላሆማን ህገ መንግስት ሳነብ ያ ድንኳን ነው ትዝ ያለኝ።

ማን ጻፈው? በ1906 መጨረሻ ላይ ገትሪ ከተማ ተሰብስበው ህገ መንግስቱን ያረቀቁት ሰዎች ሰብሳቢ ዊልያም መሬ ይባላል፣ ቅጽል ስሙ አልፋልፋ ቢል። አዎ ያው አልፋልፋ፣ ለከብት የምንዘራው መኖ፣ ስለ አልፋልፋ ለገበሬ መስበክ ስለሚወድ ነው ስሙ የወጣለት። እርሻ ኮሌጅ የተማረ ሰው ይሄን ስም ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እነዚህ ሰዎች ገዥ የሚባል ነገር አያምኑም ነበር። ስቴት ከመሆናቸው በፊት የኦክላሆማ ቴሪቶሪ ገዥ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር የሚሾመው፣ ከዋሽንግተን ይላክላቸዋል፣ ጠላነው ብለው ምንም ማድረግ አይችሉም። ስለዚህ ስልጣኑን ቆራርጠው በየሰዉ አደሉት፣ ሁሉንም ህዝቡ ይምረጥ አሉ። ከዛ አልፎ ገዥው፣ ጸሐፊው፣ ኦዲተሩና ገንዘብ ያዡ አራት ዓመታቸውን ሲጨርሱ ለዛው ወንበር በተከታታይ መወዳደር አይችሉም ብለው ጻፉ።

የማዕድኑ ኢንስፔክተር በምርጫ መሆኑ መጀመሪያ አስቆኝ ነበር፣ ኋላ ግን ሳነበው አፈርኩ። በ1892 ክሬብስ የሚባል ቦታ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፈንድቶ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው አልቋል። ህገ መንግስቱ ሲረቀቅ ምክትል ሰብሳቢ የነበረው ፒተር ሃንራቲ የማዕድን ሠራተኞች ማህበር መሪ ነው፣ ኢንስፔክተሩን ገዥው ከሾመው የኩባንያ ባለቤቶች ገዥውን ይይዙታል፣ ሠራተኛው ራሱ በድምፁ ያስቀምጠው የሚለው ክርክር ባዶ ወሬ አልነበረም። የመጀመሪያው ተመራጭ ኢንስፔክተርም ራሱ ሃንራቲ ሆነ። የበጎ አድራጎቷም እንደዛው ነች። ኬት ባርናርድ የምትባል ሴት በ1907 ተመርጣ ያዘችው፣ ሴት በኦክላሆማ የመምረጥ መብት ያገኘችው በ1918 ነው እንግዲህ፣ ለራሷ ድምፅ መስጠት ሳትችል ተመረጠች ማለት ነው። ህገ መንግስቱ ሴት ልትይዘው ትችላለች ያለው የአስፈጻሚ ወንበር ያ ብቻ ነበር፣ ሌላው እስከ 1942 ለወንድ ብቻ።

ጥሩ ሃሳብ ነበር ለማለት ፈልጌ ነው። የኛም እድር ሲመሰረት ገንዘብ ያዡን ለብቻ ይመረጥ ያሉት አባቶች ምክንያት ነበራቸው፣ ዳኛው ብቻውን ካዝና እንዳይከፍት ነው። ችግሩ ሁሉም በየፊናው ተመራጭ ሲሆን ድንኳኑ ሲያፈስ የሚጠየቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

እሺ 1950። ኦክላሆማ ያኔ የዲሞክራቶች ሰፈር ናት፣ እስከ 1962 ድረስ አንድም ሪፐብሊካን ገዥ ሆኖ አያውቅም፣ ስለዚህ ዋናው ፍልሚያ ኅዳር ላይ ሳይሆን ክረምት ላይ በፓርቲው ውስጥ ነው። መጀመሪያ ብዙ ሆነው ይወዳደራሉ፣ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱ ይለያሉ። በዛ ዓመት ለመለያው የደረሱት ዊልያም ኮ የሚባል ሰውና ጆንስተን መሬ ናቸው። መሬ? አዎ፣ የአልፋልፋ ቢል ልጅ። አባቱ ህገ መንግስቱን አርቅቆ ከ1931 እስከ 1935 ራሱ ገዥ ሆኖ ነበር፣ ያውም በትንሽ በትልቁ ብሄራዊ ጥበቃ ሰራዊት የሚያዘምት ገዥ፣ በ1931 ከቴክሳስ ጋር በአንድ ድልድይ ተጣልቶ ወታደር ልኳል። ስልጣኑን ቆራርጦ የበተነው ሰውዬ ራሱ ወንበሩ ላይ ሲወጣ በወታደር ነው ያጣጣመው፣ ይሄ ደግሞ ሌላ ጉድ።

ልጁ ለስለስ ያለ ነው። የተወለደው በ1902 ኤሜት በሚባል ቦታ የቺካሳው ህዝብ (ከአሜሪካ ነባር ህዝቦች አንዱ ነው) መሪ በነበሩት በዳግላስ ጆንስተን ቤት ነው፣ እናቱ የሳቸው የእህት ልጅ ናት፣ ስሙንም ከሳቸው ነው ያገኘው። በሃያዎቹ ዕድሜው አባቱ ደቡብ አሜሪካ ቦሊቪያ ድረስ ሄዶ ሰፈራ እመሰርታለሁ ብሎ ሲነሳ አብሮ ሄዶ ዓመታት ቆይቷል፣ ሰፈራው ከሸፈ። የህግ ዲግሪውን ያገኘው 44 ዓመት ሊሞላው ሲል በ1946 ነው። የቅስቀሳ መፈክሩ እኔ ተራ ሰው ነኝ ዓይነት ነበር። ከኮ ጋር የነበረው መለያ በጠቅላላው ከ450 ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጥቶበት ልዩነቱ ከ1,000 በታች ሆነ። አንድ የቀበሌ ሰልፍ ማለት ነው እኮ። ኅዳር 7 ደግሞ ከሪፐብሊካኑ ከጆ ፈርጉሰን ጋር፣ ጋዜጣ አሳታሚ ነው፣ 329,308 ለ 313,205 ወጡ። 16 ሺህ ድምፅ። ዶሮ ላይ ማህተም እየመታ ባደገ ስቴት ይሄ ማስደንገጥ ነበረበት።

ጥር 1951 ቃለ መሃላውን ያስፈጸመው አባትየው ነው። 81 ዓመቱ። ፎቶውን ፈልጌ አላገኘሁትም ግን አስቡት፣ ገዥ የሚባለውን ሰው እጁን አስሮ የጻፈው ሽማግሌ የገዛ ልጁን እጅ አንስቶ ያስምለዋል። ልጄ ሆይ ይቅናህ፣ ማባረር የምትችለው ሰው ግን የለም።

ምክትሉ ጄምስ ቤሪ ይባላል፣ የስቲልዋተር ባንከኛ ነው፣ የቤኔት ከተማ ሰው። ለምክትሉ የተከታታይ ገደብ አልተጻፈም፣ ስለዚህ ሰውዬው ከ1935 እስከ 1955 ሃያ ዓመት በዛች ወንበር ላይ ተቀምጦ አምስት ገዥ አሳለፈ። ገዥው ከስቴቱ ድንበር ከወጣ ደግሞ ምክትሉ ነው ገዥ የሚሆነው፣ እቃ ልግዛ ብሎ ዳላስ ቢሄድ እንኳን። ገደብ የተጻፈባቸውስ? እነሱ መላ አገኙ፣ ኦዲተሩ ጊዜው ሲያልቅ ለገንዘብ ያዥ ይወዳደራል፣ ገንዘብ ያዡ ለጸሐፊነት፣ ጸሐፊው ለኦዲተር፣ ወንበር እየተቀያየሩ ያው ሰዎች። ይሄንን ሳነብ ጮክ ብዬ "ወይ የኛ እድር!" አልኩ፣ ምክንያቱም የኛ ዕቃ ክፍል ባለፈው ጊዜ ገንዘብ ያዥ ነበር፣ ያሁኑ ገንዘብ ያዥ ደግሞ ዕቃ ክፍል።

ሌላው የስም ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ይሄን ሁሉ ሰው ማን ያውቀዋል? ስለዚህ የታወቀ ስም ያለው ያሸንፋል። ዊል ሮጀርስ የሚባል በጣም ዝነኛ ቀልደኛ ነበራቸው፣ የኦክላሆማ ልጅ፣ በ1932 ያው ስም ያለው አንድ ሌላ ሰው፣ አስተማሪ፣ ለኮንግረስ ተወዳድሮ ገባና አስር ዓመት ቆየ። በ1954 ደግሞ የቤሪን የምክትልነት ወንበር የወሰደው ካውቦይ ፒንክ ዊልያምስ የሚባል ከብት አርቢ ነው፣ ከዛ በፊት የታወቀው ሪፐብሊካን የመረጡትን የሚቀልድበት የአህያ ፖስትካርድ አሳትሞ ፖስታ ቤት አላመላልስም ስላለው ነው። መከልከሉ አስመረጠው። ካውቦይ ብሎ የሚጀምር ስም ከ12 መስመር መሃል ዓይን ውስጥ ይገባል መቼም።

ጅማስ ያኔ? በዛን ጊዜ ከፋ ጠቅላይ ግዛትን የሚያስተዳድሩት ራስ መስፍን ስለሺ ነበሩ፣ በንጉሡ ተሹመው፣ የመረጠ የለም የተጠየቀም የለም። የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ በፈረንጅ 1957 ነው የተደረገው፣ ፓርቲ የሌለበት። አባቴ እርሻ ትምህርት ቤት ሲገባ ስለ ምርጫ የሚያውቀው ያንን ነው፣ ያውም ዕድሜው አልደረሰም። አስተማሪው መጥቶ እኛ ጋ የማዕድን ኢንስፔክተር በድምፅ ይመረጣል ሲለው ምን ብሎ እንዳሰበ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር፣ ጊዜው አለፈ። ምልክት ማየት እኛም በኋላ ለመድነው፣ በ1997 ዓ.ም ንብ ነበር፣ ሁለት ጣት ነበር፣ እማዬ ያኔ "ያባትህ ዶሮ የለችም?" ብላ ቀልዳለች፣ የቀልዱን እውነትነት እሷም አታውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። ያ ዶሮ ንፁህ አልነበረም። ኦክላሆማ ስቴት እንደሆነች የመጀመሪያው የሴኔት ህግ ጥቁርና ነጭ በባቡር ለየብቻ ይሳፈር የሚል ነበር፣ አልፋልፋ ቢልም የዚህ አቀንቃኝ ነው። ጥቁሮችን ከምርጫ ለማስወጣት አያትህ ቀድሞ መራጭ ካልነበረ ማንበብ መጻፍ ትፈተናለህ የሚል ህግ አወጡ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1915 ነው የሰረዘው። ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ የመጀመሪያዋን ጥቁር ተማሪ የተቀበለው በ1949 ነው፣ ቤኔት እዚህ ከመምጣቱ አንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። እና ከዛ አገር የመጡ ሰዎች ጅማ መጥተው የኛን አባቶች በአንድ ክፍል አስቀምጠው ዶሮ እርባታ አስተማሩ። አባቴ ስለ አስተማሪው ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም፣ ቤቱ ይጋብዛቸው ነበር ይላል። ይሄን ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደማስቀምጠው እስካሁን አልቆረጠልኝም።

1954 ግን ለኛ ሰው ልዩ ናት። ጃንሆይ በፈረንጅ ጁን 18 ስቲልዋተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን ጎበኙ፣ ገዥው ያው ጆንስተን መሬ ነበር፣ የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት ይለያይ የሚለውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰረዘው ገና አንድ ወሩ ነው። የፓርቲው ምርጫ ደግሞ ከዛ በኋላ ሶስት ሳምንት እንኳን አይሞላም፣ ስቴቱ በሙሉ በፖስተር ተሸፍኗል። እና ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ማን ትመስላችኋለች? የገዥው ሚስት! ዊሊ መሬ። እሱ በተከታታይ መወዳደር አይችልም፣ አባቱ ጽፎበታል፣ ስለዚህ ሚስትየዋ ገባች። እሷም መግባት የቻለችው የ1942ቱ ማሻሻያ በሩን ስለከፈተላት ነው። አልተሳካላትም፣ የፓርቲውን ምርጫ አላለፈችም። ዊልያም ኮ እንደገና ለመለያ ደረሰ፣ እንደገና ተሸነፈ (ይሄ ሰው አንጀቴን ነው የበላው)፣ ሬይመንድ ጌሪ አሸንፎት ኅዳር ላይ ሪፐብሊካኑን ሩበን ስፓርክስን 357,386 ለ 251,808 አደረገው። ጌሪ ከደቡቡ የስቴቱ ክፍል የመጣ የገጠር ሰው ነው፣ ብዙዎች መለያየቱን ይከላከላል ብለው ጠብቀውት በ1955 የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት በጀት ለየብቻ መሆኑን የሚያስቀር ማሻሻያ ለህዝብ አቅርቦ አስጸደቀ። አባቴን ያስተማሩት ሰዎች ወደ ጅማ ሲመጡ ከዛች ኦክላሆማ ነው የመጡት፣ ኮሌጁም በ1957 ስሙ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር።

ጆንስተን መሬ ወንበሩን እንደለቀቀ በ1955 አንድ ትልቅ መጽሔት ላይ ኦክላሆማ ተበላሽታለች የሚል ጽሁፍ ጻፈ፣ የገዛ አገሩ ሰው ተቆጣበት። ከሚስቱም ተለያየ። ቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ሄዶ ታክሲ ነዳ። የቀድሞ ገዥ! ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ ሹፌሩ የቀድሞ አስተዳዳሪ ሆኖ ብታገኙት ሂሳቡን ትከራከሩት ነበር? በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በጠበቃነት ለስቴቱ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል፣ በ1974 ሞተ።

ወረቀቱም አጠረ። በ1966 ገዥው ሁለት ጊዜ በተከታታይ ይወዳደር ተባለ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ህዝቡ ራሱ በድምፁ የማዕድን ኢንስፔክተሩንና ሌሎችንም ከምርጫ አወጣቸው። ይሄንን ለእድራችን ዳኛ ስነግረው ዓይኑ በራ፣ "እና እኛም ገንዘብ ያዡን ዳኛው ይሹመው ማለት እንችላለን?" አለኝ። እኔ አልተስማማሁም። ዳኛው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ቀጣዩ ዳኛ ማን እንደሚሆን አላውቅም፣ ካዝናውንም ፊርማውንም ለአንድ ሰው መስጠት ያስፈራኛል፣ የሚያፈስ ድንኳን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ቢያንስ ድንኳኑ እድሩ ግቢ ውስጥ አለ። ቢያንስ ጉባኤው የወሰነውን ዕቃ ገንዘብ ያዡ ማገድ አይችልም የሚል አንድ መስመር ደንቡ ላይ ይግባ ነው ያልኩት። ፈረንጅ ደረሰበት አልደረሰበት እሱን አላውቅም፣ በጃንጥላ የለቀሰ ሰው የሚያስበው ነው።

እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ፕሮፖዛሉን በሶስት ኮፒ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ለእማዬም የዶሮዋን ታሪክ ነግሬያታለሁ፣ "እና ይሄን ሁሉ ዘመን ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ ዲሞክራት ምረጪ ነው ሲለኝ የነበረው?" ብላ ስትስቅ ነው ያመሸችው። ወረቀቱ ላይ የእድሩ ማህተም መመታት አለበት። ማህተሙ ጸሐፊው ጋ ስለሆነ እኔ እጅ ነው ያለው፣ ቀለሙ ግን ከደረቀ ሁለት ወሩ፣ አዲስ ቀለም መግዣ 120 ብር ጠይቄ ገንዘብ ያዡ እስካሁን አልፈረመም።